«አልጀመርሽም እንዴ ልጄ?»

ሌሊት ውሃ ልጠጣ ተነስቼ በጨለማ ስሄድ ትንሿ የእግሬ ጣት ከአልጋው እግር ጋር ተጋጨች። እንቅፋት ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዚያን ሌሊቱ ላይ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጣቴ መመታቷን አውቄያለሁ። ድምፁን ሰምቻለሁ፤ የእንጨቱን ጠርዝ ሳይቀር ለይቼዋለሁ፤ እግሬንም አንስቻለሁ። ህመሙ ግን ገና አልመጣም። በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ «አሁን ሊመጣ ነው» እያልኩ እየጠበቅኩት ነበር። መጣም። ቀስ እያለ፣ እየሞቀ፣ እየተስፋፋ መጣና ጥርሴን አስነከሰኝ።

ተመልሼ ብተኛም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጣቴ ስለጠዘጠዘኝ ብቻ አይደለም። ያስቸገረችኝ በመመታቴና በመታመሜ መካከል የነበረችው ያቺ አጭር ፋታ ናት። አንድ ጣት አንዴ ተመትታ ወሬው እንዴት ሁለት ጊዜ ይመጣል? ደግሞስ እግሬን ያነሳሁት መቼ ነው? ላንሳው ብዬ አላሰብኩም። ሳየው ተነስቷል።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ የገፋፋኝ ግን የእኔ ጣት ሳትሆን የአጎቴ እግር ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚህም ጋሼ ልበላቸው። ወደ እሳቸው ከመሄዴ በፊት የዚያችን ፋታ ነገር መጨረስ አለብኝ፤ አለበለዚያ የእሳቸው ነገር በደንብ አይገባም።

አንድ ምት፣ ብዙ ወሬ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ቆዳችን ነው። ከቆዳ ተነስተው ወደ ውስጥ የሚሄዱት የነርቭ ክሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ንክኪን የሚያደርሱት ወፈር ያሉ ናቸው። ማየሊን የሚባል ስብ የበዛበት ሽፋን ተጠቅልሎባቸዋል። ሽፋኑ በየመሃሉ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱም ከአንዱ ክፍተት ወደ ሌላው እየዘለለ ይጓዛል። ስለዚህ ፈጣን ናቸው፤ በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ይሄዳሉ። «ጠርዝ ነክቶኛል» የሚለው ወሬ ከጣቴ ተነስቶ ጭንቅላቴ የገባው ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ ነው።

ያኛው፣ እየሞቀ የሚመጣውና የሚጠዘጥዘው ህመም፣ በሌላ ክር ነው የሚጓዘው። እነዚህኞቹ በጣም ቀጫጭን ናቸው፤ ሽፋንም የላቸውም። ፍጥነታቸው በሰከንድ ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ነው። ይህ ሰው ዘና ብሎ ሲራመድ ከሚሄደው ብዙም አይለይም። ከእግር ጣት እስከ ወገብ ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሒሳቡን ሥሩት። ህመሙ አንድ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ነው። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ የጠበቅኩት ገና ባቴን አልፎ ወደ ጭኔ እየወጣ የነበረውን ወሬ ነው ማለት ነው። በሁለቱ መሃል ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ስስ ሽፋን ያለው፣ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር የሚሄድ። መጀመሪያ ላይ ወጋ አድርጎ የሚያልፈውን ስል ህመም የሚያመጣው እሱ ነው። እጃችን ሲጎዳ ይህ ሁሉ ልዩነት ጎልቶ የማይታወቀን መንገዱ አጭር ስለሆነ ነው። እግር ላይ ግን ርቀቱ ያጋልጠዋል።

ይህን ሳነብ አንድ የቆየ ታሪክ ገረመኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበሩ ትልልቅ ምሁራን የነርቭ መልዕክት ፍጥነቱ ሊለካ የሚችል አይመስላቸውም ነበር። ከእነሱ አንዱ ዝነኛው ጀርመናዊ ዮሐንስ ሙለር ነው። የራሱ ተማሪ ሄርማን ሄልምሆልትዝ ግን የእንቁራሪት እግር ላይ ሞከረው። ነርቩን አንድ ጊዜ ከጡንቻው ቅርብ፣ አንድ ጊዜ ራቅ ብሎ በኤሌክትሪክ ነካውና ጡንቻው ለመኮማተር የፈጀበትን ጊዜ አወዳደረ። እ.ኤ.አ. በ1850 ይፋ ያደረገው ውጤት በሰከንድ 30 ሜትር ግድም ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የገዛ እግራችን ወሬ ከድምፅ እንኳ ያዘግማል ማለት ነው። «አሁን» የምንለው ነገር ሁሉ ትንሽ የቆየ ወሬ ነው። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እስከዚያ ድረስ እኔና እግሬ አንድ ቦታ፣ በአንድ ቅጽበት ያለን ይመስለኝ ነበር።

እግሬን ማን አነሳው?

እግሬን ያነሳው አንጎሌ አይደለም። ወሬው ወገብ አካባቢ ህብለ ሰረሰር (በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ዘንግ) ውስጥ እንደገባ እዚያው ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ትዕዛዝ ሰጥተዋል፤ ጭንን የሚያጥፉት ጡንቻዎች እንዲኮማተሩ፣ የሚዘረጉት ደግሞ እንዲላሉ። ከሰከንድ አንድ አስረኛ አካባቢ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የገረመኝ ግን ሌላኛው እግሬ ነው። አንዱ እግር ብድግ ሲል ሌላው ወዲያው ካልጠነከረ ሰው ይወድቃል። ያው ህብለ ሰረሰር በዚያው ቅጽበት ትዕዛዙን ገልብጦ ወደ ማዶ ልኮታል፤ የቆምኩበት እግር እንዲዘረጋና ክብደቴን እንዲሸከም። እንግሊዛዊው ቻርለስ ሸሪንግተን ዕድሜውን በሙሉ ያጠናው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። በጨለማ በአንድ እግር ቆሞ ህመም የሚጠብቅ ሰው ከሥሩ ይህን ያህል ሥራ እየተሠራለት ነው።

ታዲያ ህመሙ ሳይደርስ እንደሚመጣ እንዴት አወቅኩ? ይህ የአንጎል ሥራ ነው። አንጎል ዝም ብሎ ወሬ እስኪመጣለት አይቀመጥም። ከዚህ በፊት የደረሰበትን ይዞ ቀጥሎ የሚሆነውን ይገምታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው አባባል ፈሪ ለመስደብ የተፈጠረ ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ አንጎል የተነገረ ትክክለኛ ወሬ አድርጌ ነው የማየው። ልጡን እስኪያጣራ ከቆየ እባብ በሆነ ቀን አይተርፍም። ንክኪው ቀድሞ ደርሷል፤ አንጎሌም ይህን ዓይነት ምት ያውቀዋል፤ የሚከተለውን ከራሱ አምጥቶ ነገረኝ።

ጣቴን ይዤ ያሻሸሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል ያቀረቡት ሐሳብ አለ። ህመምን የሚያመጡት ቀጫጭን ክሮች ህብለ ሰረሰር ሲደርሱ ዝም ብለው አያልፉም፤ በር መሰል ነገር አለ። ፈጣኖቹ የንክኪ ክሮች ሥራ ሲበዛባቸው ያ በር ጠበብ ይላል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን ዛሬም ይነሳል። ልጅ ሲወድቅ «እኔን!» ብላ ጉልበቱን የምታሽለት እናት ህመሙን በእውነት እየቀነሰችለት ነው።

የናይለን ክሯ

አሁን ወደ ጋሼ።

ጋሼ ስኳር ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከውጭ ገብተው ሳሎኑን ሲያቋርጡ አክስቴ ወለሉ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየች። ነጠብጣቡ ከበሩ ጀምሮ እሳቸውን እየተከተለ መጥቷል። አስቀምጠን ጫማቸውን ስናወልቅ ትንሽ ሚስማር ሶሉን በስቶ ገብቷል። ካልሲው ርሷል። ደሙ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደርቆ ነበር፤ ስለዚህ የአሁን አይደለም። ለካ ሲሄዱ የዋሉት በሚስማሩ ላይ ነው። «ምንም አልተሰማኝም እኮ!» አሉን። እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። አልተሰማኝም ማለት አልጎዳኝም ማለት ነው ብለው ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። የተቀበለችን ዶክተር ወጣት ናት። ቁስሉን አጥባ ካሸገች በኋላ ከመሳቢያዋ እስክሪብቶ የሚያህል እጀታ አወጣች። ጫፉ ላይ አጭር፣ ደረቅ ያለች የናይለን ክር ተተክላለች። ክሯ 10 ግራም ያህል ጫና ሲያርፍባት እንድትጎብጥ ሆና የተሠራች ናት። ስለዚህ ማንም ይያዛት ማን፣ ከጎበጠች ጫናው ያው ነው። መጀመሪያ የጋሼን ክንድ ነካች።

«እንዲህ ነው የሚሰማው። ተሰማዎት አባቴ?»

«አዎ፣ ተሰማኝ።»

«እንግዲህ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። እግርዎ ላይ በተሰማዎት ቁጥር ‹አዎ› ይበሉኝ።»

ጋሼ ጨፈኑ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፈተና ላይ እንዳለ ሰው ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገዋል። ዶክተሯ ክሯን የአውራ ጣታቸው ሥር አሳረፈች። ክሯ ጎበጠች። አንስታ ወደ መሃለኛው ጣት ሄደች። ጎበጠች። ትንሿ ጣት። ከጣቶቹ በታች ያለው ወፍራም ሥጋ። የውስጥ እግራቸው ጠርዝ። በየቦታው ክሯ ስትጎብጥ አያለሁ፤ ጋሼ ዝም። ስልቹ አይደሉም፤ ትኩረታቸው ሁሉ እግራቸው ላይ ነው። ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ዶክተሯ የሁለቱንም እግር ጨርሳ ክሯን ወደ እጀታዋ ስታጥፍ ጋሼ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ እንዲህ አሉ፦

«አልጀመርሽም እንዴ ልጄ?»

ዶክተሯ ወዲያው አልመለሰችም። ከዚያ ረጋ ብላ «ጨርሻለሁ አባቴ» አለቻቸው።

ያቺ ቅጽበት ከአእምሮዬ አልወጣ ብላለች። ሰውየው አልሰማሁም አላሉም። ደከመ አላሉም፣ ደነዘዘ አላሉም። ፈተናው እንዲጀመር እየጠበቁ ነበር። ለእሳቸው ፈተናው አልተካሄደም። እኔ ያን ሌሊት ህመሜን ስጠብቅ ቢያንስ የምጠብቀው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ንክኪው ቀድሞ ነግሮኛል። ጋሼ ዘንድ ግን ያኛውም ይሄኛውም አልመጣም፤ ያለመምጣቱም ወሬ አልመጣም። ስለ ስሜት ሕዋሳት ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለሚመጣው ነገር ነው፤ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ሽታው። ያልመጣውን የሚቆጥር ግን ማን አለ? አልደረሰኝም የሚል ነርቭ የለም። የሞተ ክር ሞቻለሁ ብሎ አይልክም።

ዶክተሯ ቀጥላ ሲመቱት የሚርገበገብ፣ ባለ ሁለት ጣት ብረት አመጣች። አውራ ጣታቸው አጥንት ላይ አቆመችው። «ብረት መሆኑን በዓይኔ አያለሁ፣ ሌላ ምንም የለም» አሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አደረገችው፤ ያው። ጉልበታቸው ላይ ስታደርገው ግን ጋሼ ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው፤ «ኧረ ይሄስ ይንቀጠቀጣል!» አሉ። ብረቱ ሦስቱም ቦታ ላይ እኩል ይርገበገብ ነበር። ጋሼ ውስጥ ግን ከጉልበት በታች የሆነ ቦታ ላይ አንድ ድንበር አለ።

ለምን እግር?

ስኳሩ ያለው በደም ውስጥ ነው፤ ደም ደግሞ ሁሉም ጋ ይደርሳል። ታዲያ ለምን ጉዳቱ ከእግር ጣት ይጀምራል? መልሱን ሳገኝ ስለ ነርቭ ያለኝ አስተያየት ተለወጠ። ነርቭ ሲባል በየቦታው የተቀጣጠለ ረጅም ገመድ አድርጌ ነበር የማስበው። እንደዚያ አይደለም። ከእግር ጣት ጫፍ ተነስቶ ወገብ የሚደርሰው ክር የአንድ ሕዋስ አካል ነው። የአንድ ሕዋስ! በዓይን የማትታይ ሕዋስ፣ አንድ ሜትር የሚረዝም ክንድ ያላት። ይብስ ብሎም ከንክኪ ክሮቹ አንዳንዶቹ ወገብ ላይ አይቆሙም፤ ያው ሕዋስ በህብለ ሰረሰር ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ማጅራት አካባቢ፣ ከአንጎል ሥር ይደርሳል። አንድ ሕዋስ ከእግር ጣት እስከ ጭንቅላት ሥር ተዘርግቶ ማለት ነው።

የዚህች ሕዋስ ዋና ቤቷ ወገብ አጠገብ፣ ከህብለ ሰረሰር ጎን ነው። ፕሮቲኗ በብዛት የሚመረተው እዚያ ነው። ጣት ጫፍ ላይ ያለው ክፍሏ ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከዚያ ተጭኖ መሄድ አለበት። ፈጣኑ ጭነት በቀን 40 ሳንቲ ሜትር ግድም ይሄዳል፤ ስለዚህ ጣት ጋ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። አዝጋሚው ደግሞ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለዓመታት ከልክ ያለፈ ስኳር ነርቩን ራሱን ይጎዳዋል፤ ነርቩን የሚመግቡትንም ቀጫጭን የደም ሥሮች ያበላሻቸዋል። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚራበው ከቤቱ በጣም የራቀው ጫፍ ነው። ስለዚህ ከጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ጉልበት ሲጠጋ የእጅ ጣቶች ተራቸው ይደርሳል፤ የእጅ ክሮችና እስከ ጉልበት የሚደርሱት ክሮች ርዝመታቸው ተቀራራቢ ነውና።

ሌላው የሚከፋው ነገር ጅማሬው ሁልጊዜ ዝምታ አለመሆኑ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይወጋዋል፣ ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ ያመዋል። የተጎዳ ክር ማንም ሳይነካው ይጮሃልና። ከዚያ ህመሙ ይቀንሳል። ሰውየውም ዳንኩ ይላል። ጋሼም ከዓመታት በፊት እግራቸው ያቃጥላቸው እንደነበርና «ራሱ እንደተወኝ» ለዶክተሯ በደስታ ነገሯት። እሷ ግን ስትጽፍ ፊቷ አልፈካም።

ቀዳዳውን ማን ያያል?

ሰው የእግሩን መሞት እንዴት አያውቅም ብላችሁ ብትገረሙ አልፈርድባችሁም። እኔም አክስቴም ስንገረም ነበር። ግን እኮ ሁላችንም እንዲህ ያለ ነገር ይዘን ነው የምንዞረው። ወረቀት ላይ በግራ በኩል መስቀል፣ በቀኝ በኩል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ጥቁር ነጥብ አድርጉ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኝ ዓይናችሁ መስቀሉን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ቀስ ብላችሁ አቅርቡት፣ አርቁት። 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ነጥቡ ይጠፋል። ጭራሽ የለም። ዓይነ ሥውር የሆነ ቦታ ነው፤ የዓይን ነርቭ ከዓይን ኳስ የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለም። ፈረንሳዊው ኤድሜ ማሪዮት ይህን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሺህ ዓመታት ሰው ሁሉ ይህን ቀዳዳ በሁለቱም ዓይኖቹ ይዞ ኖሯል፤ ግን አላየውም።

ነጥቡ ሲጠፋ ቦታው ላይ ምን እንደሚታያችሁ ልብ በሉ። ጥቁር ጉድጓድ አይታያችሁም። ነጭ ወረቀት ነው የሚታያችሁ። ዙሪያው ነጭ ስለሆነ እዚያም ነጭ ነው። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ዓይን ምንም አላየም፤ ፍርዱ ብቻ ነው ያለው። አንጎል በጎደለው ቦታ «እዚህ ጋ ወሬ የለኝም» ብሎ አይጽፍም። ዙሪያውን አይቶ፣ የለመደውን ይዞ ይቀጥላል። ጋሼም ሲራመዱ የኖሩት እንዲህ ነው። ጉልበታቸው ይነግራቸዋል፣ ዳሌያቸው ይነግራቸዋል፣ ዓይናቸው ጫማቸውን ያያል። ከዚህ ሁሉ አንጎላቸው ደህና የሆነ እግር ሠርቶላቸዋል።

የሌለ እግር ሲታመም

የዚህ ግልባጭ ደግሞ አለ። እግራቸው የተቆረጠ ብዙ ሰዎች የሌለው እግራቸው ይሰማቸዋል። ያሳክካቸዋል፣ ጣቱ ይታጠፍባቸዋል፣ ያማቸዋል። ፈረንሳዊው የጦር ሜዳ ቀዳጅ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል ደግሞ የእርስ በርሱ ጦርነት ቁስለኞችን ካከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1871 የሙት መንፈስ እግር የሚል ስም ሰጠው። አልጋው ላይ አንሶላው ጠፍጣፋ ነው፤ ሰውየው ግን እዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያለው ጣቱ ያመዋል።

ስለዚህ ህመሙ የት ነው? ጣት ላይ ነው እንዳንል ጣቱ የለም። ዋይልደር ፔንፊልድ የተባለው የነርቭ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ህሙማኑን ነቅተው እያሉ አንጎላቸውን በትንሽ ኤሌክትሪክ ይነካ ነበር። አንጎል ራሱ ህመም የሚለይበት ነርቭ ስለሌለው ይህን ማድረግ ይቻላል። አንድ ቦታ ሲነካ ህመምተኛው እጄን ነዘረኝ ይላል፤ ሌላ ቦታ ሲነካ ከንፈሬን፣ እግሬን። እጁን ግን ማንም አልነካውም። አንጎል ላይ የሰውነታችን ካርታ አለ። ለከንፈርና ለእጅ ጣት ሰፊ ቦታ ተሰጥቷል፤ ለጀርባ ትንሽ። እግር ሲቆረጥ ካርታው አብሮ አይቆረጥም።

በዚህ ላይ አንድ የምታስደንቀኝ ነገር ልጨምር። በነርቭ የሚሄደው ምልክት የትም ብትሄዱ በመሠረቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ገደማ የምትቆይ የኤሌክትሪክ ምት። የብርሃን ምት፣ የድምፅ ምት፣ የሚስማር ምት ብሎ ነገር የለም። ልዩነቱ በየትኛው ክር መጥቶ የት ገባ የሚለው ነው። ጨለማ ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥጉን በቀስታ ጫን ብትሉት ብርሃን ታያላችሁ። ብርሃን የለም፤ ጣታችሁ ነው። ግን ወሬው በዓይን ክር ስለመጣ አንጎል ብርሃን ብሎ ይተረጉመዋል። ያ ሙለር ፍጥነቱ አይለካም ያለውን ነገር ተማሪው ቢለካበትም፣ ይህችን ግን አስቀድሞ የጻፈው እሱ ራሱ ነው። አንድ ዓይነት ምት እንዴት አንዴ ሰማያዊ ቀለም፣ አንዴ የእናት ድምፅ፣ አንዴ የሚያስለቅስ ህመም እንደሚሆን ሳስብ፣ ያ ሁሉ በ86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት መሃል እንደሚሠራ ማወቄ ግርምቴን አይቀንሰውም።

እነዚያ ሰዎች እግር የላቸውም፤ እግራቸው ግን ያማቸዋል። ጋሼ እግር አላቸው፤ ግን ሚስማር ገብቶ አልሰሙም። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ ነው «ይሰማኛል» የምንለው ነገር ምን ያህል ከአንጎል ጓዳ እንደሚወጣ የገባኝ።

ግድግዳው

ዶክተሯ ብዙ ነገር አዘዘች። እግር በየማታው በዓይን ይታይ፤ ውስጥ እግር ካልታየ በመስታወት። ጫማ ከመግባቱ በፊት ውስጡ በእጅ ይዳሰስ። ባዶ እግር መሄድ ቤት ውስጥም ክልክል። ውሃ ሙቀቱ በእግር አይለካ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ምንም ባይሰማውም ቢያንስ በዓመት አንዴ እግሩን በዚህ ዓይነት ክር ያስፈትን። «ምንም ባይሰማውም» የሚለውን ደጋግማ አለች፤ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ።

አንድ ጥያቄ ጠየቀችን፦ «ፊታቸውን ሲታጠቡ ይንገዳገዳሉ?» እኔና አክስቴ ተያየን። ጋሼ ፊታቸውን ሲታጠቡ በግራ እጃቸው ግድግዳ ይይዛሉ። በቀኛቸው ብቻ ነው የሚታጠቡት። ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው የእሳቸው አመል ነው። ዶክተሯ አስነስታ እግራቸውን ገጥመው እንዲቆሙ አደረገች። ቀጥ ብለው ቆሙ። ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ስትነግራቸው ግን መወዛወዝ ጀመሩ፤ በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

ምክንያቱ ሲገባኝ ያ የግድግዳ ነገር ሌላ ሆኖ ታየኝ። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነገር ነው፤ በዓይኑ፣ በውስጠኛው ጆሮው፣ እና ከውስጥ እግር፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣው ወሬ። ይህ ሦስተኛው ስም እንኳ የማንሰጠው የስሜት ዓይነት ነው፤ ሳናይ እግራችን የት እንዳለ የምናውቅበት። ጋሼ ዘንድ ይህኛው ተዳክሟል፤ ስለዚህ ዓይናቸው ሲሠራለት ኖሯል። ሳሙና ሲመጣ ዓይን ይጨፈናል። ያኔ የቀረው ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብቻውን አልበቃም። እጃቸው ግድግዳውን የያዘችው ለዚህ ነው። ማንም አላዘዛትም። ሰውየው ራሳቸው ለምን እንደሚይዙ ተጠይቀው አያውቁም፤ ቢጠየቁም «እንዲሁ» ይሉ ነበር። አንጎላቸው ግን እግሩ ወሬ ማምጣት ማቆሙን በሆነ መንገድ አውቆ ከሌላ ቦታ ድጋፍ ሲፈልግ ቆይቷል። ለእሳቸው ብቻ አልነገራቸውም።

አሁን መታጠቢያው አጠገብ ወንበር አለ። ተቀምጠው ነው የሚታጠቡት፣ በሁለት እጃቸው። የሞተው ክር ይመለስ እንደሆነ ጋሼ ዶክተሯን ጠይቀዋት ነበር። አልሸነገለቻቸውም፤ የጠፋው በአብዛኛው አይመለስም፣ ስኳሩ በደንብ ከተያዘ ግን የቀረው መጎዳቱ ቀስ ይላል አለቻቸው። ከመጨረሻው ቀጠሮ ሲመለሱ ያቺን ክር ይዘው መጥተዋል፤ ለምነው ነው ያስሰጧት። አክስቴ ትነካቸዋለች፣ እሳቸው ጨፍነው «አዎ» ይላሉ። እግራቸውን አይደለም የሚያስፈትኑት። የእጅ ጣቶቻቸውን ነው፤ አንድ በአንድ፣ እስካሁን አንዱንም አልሳቱም።